ከቦሌ እስከ ደለስ፤ አንድ ርቀት፣ ሁለት ሰዓት

ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ደለስ ኤርፖርት ረፋድ ላይ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አትላንቲክን ተሻግሮ፣ የትም ሳያርፍ፣ 13 ሰዓት ገደማ በርሮ በማግሥቱ ጠዋት ቦሌ ይገባል። ያው አውሮፕላን ማታ ከቦሌ ሲመለስ ግን መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል፤ ደለስ የሚደርሰውም 16 ወይም 17 ሰዓት ቆይቶ ነው። ከተሞቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። አውሮፕላኑ አንድ፣ መንገዱም አንድ ሆኖ ሳለ በመሄድና በመምጣት መካከል የሦስት፣ የአራት ሰዓት ልዩነት አለ።

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው «ነፋሱ ነው» ይላል። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። ነፋሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አውሮፕላኑ ይዘገይ ነበር እንጂ መንገድ ላይ ማረፍ ባላስፈለገው። ርቀት የምድር ጉዳይ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተለካ ተለካ። የበረራ ሰዓትን የሚወስኑት ግን ሌሎች ናቸው፦ የሚነሡበት ሜዳ ከፍታ፣ የሰማዩ ነፋስ፣ የአገሮች ጦርነትና ሰላም። ይህ ምዕራፍ ከቦሌ ደለስ ያለውን አንድ መንገድ ይዞ እነዚህን ጉዳዮች ይመረምራል።

በርቀቱ እንጀምር። የሁለት ኤርፖርቶች ርቀት ሲባል ከማኮብኮቢያ እስከ ማኮብኮቢያ፣ በምድር ገጽ ላይ ሊሠመር የሚችለው አጭሩ መስመር ማለት ነው። ቦሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 9 ዲግሪ፣ ደለስ ወደ 39 ዲግሪ ላይ ይገኛሉ፤ በምሥራቅና በምዕራብ ደግሞ ከ116 ዲግሪ በላይ ይራራቃሉ። እነዚህ ቁጥሮች በሉል ሒሳብ ሲሰሉ ውጤቱ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በምድር ማይል 7,185 ያህል፣ በባሕር ማይል ደግሞ 6,240 ያህል ነው። የባሕር ማይል 1,852 ሜትር፣ የምድር ማይል 1,609 ሜትር ነው፤ አብራሪዎች የሚጠቀሙት የባሕሩን ነው። ስለዚህ አንዱ «ሰባት ሺህ ማይል»፣ ሌላው «ስድስት ሺህ ማይል» ሲል ቢሰሙ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

አጭሩ መስመር ግን ብዙ ሰው በሚገምተው በኩል አያልፍም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የዓለም ካርታ ወስደን አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን በማስመሪያ ብናገናኝ መስመሩ በሱዳን፣ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ በኩል ሰሐራን አቋርጦ አትላንቲክ ይገባል። ትክክለኛ መንገድ ይመስላል። ሲለካ ግን 12,090 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከአጭሩ መንገድ በ530 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ካርታው ጠፍጣፋ ነው፤ ምድር ክብ ናት። ክቡን ጠፍጣፋ ለማድረግ ሲባል ሰሜኑ ተለጥጦ ስለሚሣል በሰሜን በኩል ያለው መንገድ ረዥም ይመስላል።

ልጆች ትምህርት ቤት የሚያዩት ዓይነት ሉል የሚያገኝ ሰው ይህን በገዛ እጁ ሊያረጋግጥ ይችላል። አንድ ክር አዲስ አበባ ላይ በጣት ይያዝና ሌላው ጫፍ ዋሽንግተን ላይ እስኪወጠር ይሳብ። ክሩ ወደ ምዕራብ አይሄድም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሣል። ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አልፎ፣ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አድርጎ፣ ከአዞረስ ደሴቶች በስተሰሜን አትላንቲክን ያቋርጣል፤ የአሜሪካን ምድር የሚነካው በማሳቹሴትስ ጠረፍ አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዶ ዋሽንግተን ይገባል። ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው በመቀመጫው ስክሪን ላይ አውሮፕላኑ ወደ አውሮፓ ሲያመራ አይቶ «ለምን ይዞራል?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ ይኸው ነው፤ አጭሩ መንገድ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው።

ሆኖም ይህን መስመር ሳያዛንፍ የሚበር አውሮፕላን የለም። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን የራሳችን ታሪክ ነው። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የተረከበው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። የተጓዘው 12,082 ኪሎ ሜትር ነበር፤ የወሰደበትም ከ13 ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ነው። በዘመኑ ለባለ ሁለት ሞተር ጄት አውሮፕላን የዓለም የርቀት ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዘገበ። ቁጥሩን ከላይ ካለው ጋር ስናስተያየው አውሮፕላኑ ከአጭሩ መስመር 500 ኪሎ ሜትር ያህል አብልጦ እንደበረረ እናያለን። ነፋስ፣ የአየር ክልል ፈቃድ፣ የደኅንነት ደንብ ሁሉም መስመሩን ትንሽ ትንሽ ያጣምሙታል።

በዚህ ክብረ ወሰን ውስጥ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ፤ አቅጣጫው። በረራው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ነበር እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አልፏል። የቦይንግ ድሪምላይነር መጥቷል፤ ኤርባስ 350 መጥቷል፤ ሁለቱም ከዚያ ከ767 እጅግ የረቀቁ ናቸው። ያም ሆኖ ሙሉ መንገደኛና ጭነት ይዞ ከቦሌ ተነሥቶ በቀጥታ ደለስ መግባት የዘወትር ነገር አልሆነም። ለምን?

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል። አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አዲስ አበቤ ለምዶት አይሰማውም፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ግን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። አውሮፕላን በዚህ አየር ሁለት ጊዜ ይቀጣል። አንደኛ፣ ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሣው በላዩና በሥሩ በሚያልፈው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ መፍጠን አለበት። ቦሌ ላይ አውሮፕላን ከምድር ለመላቀቅ በባሕር ጠረፍ ካለ ማኮብኮቢያ ከሚያስፈልገው ከመቶ 12 ያህል ፈጥኖ መሮጥ ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ነው፤ ስለዚህ የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳል። በአነስተኛ ግፊት የበለጠ ፍጥነት ማምጣት ማለት ረዥም መንደርደሪያ ማለት ነው። የቦሌ ዋናው ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው። ረዥም ነው፤ ግን መጨረሻ አለው። ጎማዎቹም ቢሆኑ ሊሮጡበት የሚችሉት የፍጥነት ጣሪያ አላቸው።

በዚህ ላይ ሕጉ አለ። ማንኛውም የመንገደኛ አውሮፕላን በመነሻው ቅጽበት አንድ ሞተሩ ቢጠፋ በቀረው ሞተር ተነሥቶ፣ በዙሪያው ያለውን ተራራ በበቂ ርቀት አልፎ መውጣት መቻል አለበት። በስተሰሜን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ቆሟል። አብራሪውና የበረራ ዕቅድ አውጪው በየማታው የሚያሰሉት ይህንን ነው፤ ዛሬ ባለው ሙቀትና ነፋስ፣ በዚህ ማኮብኮቢያ፣ አንድ ሞተር ቢጠፋ እንኳ ደኅና የሚያደርሰን ትልቁ ክብደት ስንት ነው?

ውጤቱ አውሮፕላኑ ተሠርቶ ከወጣበት አቅም በታች ይሆናል። ኤርባስ 350-900 በባሕር ወለል 280 ቶን ያህል ሆኖ ሊነሣ ይችላል፤ ከዚህ ውስጥ ከ100 ቶን በላይ ነዳጅ ሊሆን ይችላል። ቦሌ ላይ ያን ያህል ከብዶ መነሣት አይችልም። እንግዲህ የሚቀነስ ነገር መምረጥ ግድ ነው። የአውሮፕላኑ የራሱ ክብደት አይቀነስም። የሚቀሩት መንገደኛው ከነሻንጣው፣ የዕቃ ጭነቱና ነዳጁ ናቸው። መንገደኛ ቢቀነስ ወንበር ባዶ ይሄዳል፤ አየር መንገዱም በረራውን በኪሣራ ያበራል። ስለዚህ ነዳጁ ይቀነስና አውሮፕላኑ ዝቅ ባለ አገር አርፎ የቀረውን ይሞላል። በደብሊን፣ በሮም ወይም በሎሜ ስናርፍ የኖርነው በዚህ ምክንያት ነው። እነዚህ ኤርፖርቶች ሁሉ በባሕር አጠገብ፣ በዝቅተኛ ቦታ ያሉ ናቸው፤ ከእነርሱ አውሮፕላኑ ሙሉ ክብደቱን ይዞ ይነሣል።

ይህ የኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። የሜክሲኮ ዋና ከተማ ኤርፖርት ከፍታው ከቦሌ ጋር ተቀራራቢ ነው። ኤሮሜክሲኮ ወደ እስያ ሲሄድ ዝቅ ባሉት በቲኋና ወይም በሞንቴሬ አርፎ ሲያልፍ፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ ወደ ሜክሲኮ ከተማ ሲበር የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። ከፍ ባለ ቦታ የተቆረቆረ ከተማ ሁሉ ወደ እርሱ መምጣት ይቀላል፤ ከእርሱ መውጣት ይከብዳል።

ሙቀትም አለበት። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ከቦሌ የረዥም ርቀት በረራዎች ብዙዎቹ በምሽትና በሌሊት የሚነሡት በዋናነት ከአፍሪካ ከተሞች የሚመጡ መንገደኞችን ለማገናኘት ነው፤ የአዲስ አበባ የምሽት ብርድ ግን ለአውሮፕላኑ ተጨማሪ ውለታ ይውላል። ከቀትር ይልቅ ማታ የበለጠ ኪሎ ይዞ መነሣት ይቻላል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለው ስፍራ የተወጠነው አዲሱ ኤርፖርት ከሚጠቀስለት ጥቅም አንዱም ይኸው ነው፤ ቦታው ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ለአንድ መንገደኛ 400 ሜትር ምንም አይደለም። ለአንድ ረዥም በረራ ግን ብዙ ቶን ነዳጅ ወይም ብዙ ሰው ማለት ነው። ስለ አዲሱ ኤርፖርት ብዙ የሚነገረው ስለ ስፋቱና ስለ መንገደኛ ብዛቱ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ይህ የከፍታ ቁጥር ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ማረፉ ምን ያህል እንደሚያስከፍል እናስላ። ከቦሌ ደብሊን 6,365 ኪሎ ሜትር፣ ከደብሊን ደለስ 5,465 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድምሩ 11,830 ይሆናል። ከቀጥታው መንገድ የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው! በሮም በኩል ሲሆን ትርፉ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጭሩ መስመር በደቡብ ምዕራብ አውሮፓ በኩል ስለሚያልፍ አውሮፓ ውስጥ ማረፍ በርቀት ረገድ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ 270 ኪሎ ሜትርን ጄት በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል። የሎሜው ይለያል፤ በዚያ በኩል መንገዱ ወደ 12,750 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሎሜ የምትመረጠው ለማሳጠር አይደለም። ከምዕራብ አፍሪካ የሚነሡ መንገደኞች እዚያ ይሳፈራሉ፤ አየር መንገዱም ከአጋሩ ከአስካይ አየር መንገድ ጋር እዚያ ማዕከል አለው።

እንግዲህ ደብሊን ላይ አርፎ የሚሄድ ሰው ሰዓቱን የሚያጣው በርቀቱ አይደለም። አውሮፕላኑ ከ11 ወይም 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ያርፋል፤ አኮብኩቦ ይቆማል፤ ነዳጅ ይቀዳል፤ የበረራ ሠራተኞች ይለወጣሉ፤ ወረፋ ጠብቆ ይነሣል፤ እንደገና ከፍታውን ይይዛል። ይህ ሁሉ ሲደመር ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይበላል። የቀረውን ልዩነት ያመጣው ነፋሱ ነው።

ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በተለይ በሰሜን አትላንቲክ በላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ኃይለኛ የነፋስ ጅረት አለ። የሚፈጠረው በሞቃቱ ደቡብና በቀዝቃዛው ሰሜን አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ነው፤ ምድር ስትሽከረከር ነፋሱን ወደ ምሥራቅ ታጥፈዋለች። በአሜሪካኖቹ ክረምት፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ ልዩነቱ ስለሚሰፋ ነፋሱ ይበረታል፤ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። አውሮፕላን በአየር ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ነፋሱ ከኋላው ሲሆን የነፋሱ ፍጥነት ይደመርለታል፤ ከፊቱ ሲሆን ይቀነስበታል።

ለምሳሌ በመንገዱ ሁሉ በአማካይ የ100 ኪሎ ሜትር ነፋስ አለ እንበል። ከደለስ ሲመጣ አውሮፕላኑ በሰዓት 1,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ 11,560ውን በ11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። ከቦሌ ሲሄድ በሰዓት 800 ብቻ ስለሚሆን 14 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ነፋስ ባይኖር ሁለቱም 12 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ይሆኑ ነበር። ልብ ብለን ካየን ነፋሱ በመምጣት የሰጠው አንድ ሰዓት ከ17 ደቂቃ፣ በመሄድ የነጠቀው ግን አንድ ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው። ነፋስ የሰጠውን ያህል ብቻ አይወስድም፤ ሁልጊዜም አብልጦ ይወስዳል። ምክንያቱም አውሮፕላኑ በሚጎዳው ነፋስ ውስጥ ከሚጠቅመው ነፋስ ይልቅ ረዥም ጊዜ ይቆያል።

እዚህ ላይ ከፍታውና ነፋሱ ይገናኛሉ። ወደ ምዕራብ ሲሄድ በነፋሱ ምክንያት ብዙ ነዳጅ ይፈለጋል፤ ከቦሌ ሲነሣ ደግሞ በከፍታው ምክንያት ብዙ ነዳጅ መያዝ አይቻልም። ሁለቱ ችግሮች የወደቁት በአንድ አቅጣጫ ላይ ነው። ወደ ምሥራቅ ሲመጣ ደግሞ ሁለቱም በረከት ናቸው፤ ከዝቅተኛ ሜዳ በሙሉ ነዳጅ ይነሣና ነፋስ ይገፋዋል። አዲስ አበባ በባሕር ዳርቻ ብትሆን ኖሮ ነፋሱ ብቻውን አውሮፕላኑን አያስቆመውም ነበር። «ነፋሱ ነው» የሚለው መልስ ጎዶሎ ነው ያልኩትም ለዚህ ነው።

የነፋሱን ኃይል ለመገመት አንድ ክስተት ይበቃል። በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ኪያራ የተባለ ማዕበል አትላንቲክን ሲመታ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ 747 ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ። መንገዱ በወትሮው ከስድስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። በምድር ላይ ሲለካ አንዳንድ ጊዜ በሰዓት 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝ ነበር፤ በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ግን እንደ ማንኛውም ቀን ነበር የበረረው። በዚያው ጊዜ ወደ ምዕራብ የሚበሩት አውሮፕላኖች ዋጋውን ከፍለዋል።

ከከፍታና ከነፋስ ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ከተፈጥሮ አይደለም፤ ከሰው ነው። ሰማይ ድንበር አለው። ከላይ የሠመርነው አጭሩ መስመር በሱዳንና በሊቢያ ላይ ያልፋል። የሱዳን ሰማይ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘጋ። የሊቢያም ለብዙ ዓመታት የብዙ አገሮች ባለሥልጣናት አየር መንገዶቻቸውን «አትለፉበት» የሚሉት ክልል ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄድ አውሮፕላን ጎረቤቱን መዞር ግድ ሆነበት። ርቀቱ በሉል ሒሳብ ያው ነው፤ የሚበረረው መንገድ ግን ረዘመ። በ2022 እ.ኤ.አ. የሩሲያ ሰማይ ለአውሮፓ አየር መንገዶች ሲዘጋ ፊንላንድም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባታል፤ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ የነበረው በረራ ወደ 13 ሰዓት ተጠግቷል።

ይህ ነገር ከሁሉ በላይ ልብ የሚነካው በአዲስ አበባና በአሥመራ መካከል ነው። ርቀቱ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለጄት ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይዘል መንገድ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያለፈው በአሥመራ ነበር። ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ ግን ለሃያ ዓመት ያህል በሁለቱ ከተሞች መካከል አንድም የመንገደኛ አውሮፕላን አልበረረም። ወላጁን መጠየቅ የፈለገ ሰው በሦስተኛ አገር ዞሮ፣ ከአንድ ቀን በላይ ይጓዝ ነበር፤ አንዳንዱም ጨርሶ መሄድ ሳይችል ቀርቶ እናቱ ሳያያት ተቀብራለች። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በረራው ሲጀመር አሥመራ ኤርፖርት ላይ ሰው መሬት ሲስምና ሲላቀስ ያየነው ለዚህ ነው። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ በረራው እንደገና ተቋረጠ። የሁለት ከተማ ርቀት ስንት ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው በሉል ሒሳብ የተገኘው ቁጥር ያኔ ምንም አይነግረውም።

ቲኬት ላይ ወደተጻፈው ሰዓት እንምጣ። አየር መንገዶች የሚጽፉት አየር ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ብቻ አይደለም፤ አውሮፕላኑ ከቆመበት በር ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንሥቶ መድረሻው በር ላይ እስኪቆም ያለውን ሁሉ ነው። በአጭር መንገድ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 900 በሚበር ጄት ሒሳብ ከግማሽ ሰዓት በታች መሆን ነበረበት፤ ቲኬቱ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይላል። አውሮፕላኑ ሙሉ ፍጥነቱን ሳይዝ ወደ መውረዱ ስለሚገባ ነው። ያም ሆኖ በመኪና የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ከሚጠፋው አንድ ሙሉ ቀን ጋር አይወዳደርም። የአገር ውስጥ በረራ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የተስፋፋው በተራራውና በገደሉ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ኤርፖርት ማለት ከተማ ማለት አይደለም። ቦሌ ከተማው ውስጥ ነው፤ ደለስ ግን ከዋሽንግተን መሀል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ባቡር የደረሰለት በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በመኪናና በአውቶቡስ ብቻ ነበር የሚወጣው።

የመጨረሻው ጉዳይ አቆጣጠር ነው፤ ሰዎች በረራ የሚያመልጣቸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በበጋቸው 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ማታ 22:30 ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን 17 ሰዓት በርሮ ሲደርስ ደለስ ላይ በማግሥቱ ጠዋት 8:30 ወይም 7:30 ነው። ሰዓቱን ብቻ ያየ ሰው ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት የተጓዘ ይመስለዋል። በተቃራኒው 11:00 ላይ ከደለስ የተነሣ 13 ሰዓት በርሮ ቦሌ ሲገባ በማግሥቱ ጠዋት 7:00 ወይም 8:00 ነው፤ ይህ ደግሞ ሃያ ወይም ሃያ አንድ ሰዓት የፈጀ ያስመስላል። ትክክለኛውን የጉዞ ጊዜ ለማወቅ ሁለቱንም ሰዓቶች ወደ አንድ ከተማ ሰዓት ቀይሮ መቀነስ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።

የኛ አቆጣጠር በዚህ ላይ ሁለት ችግር ይጨምራል፤ የሰዓትና የቀን። ቲኬቱ 22:30 ሲል በኛ ከምሽቱ 4፡30 ነው። ይህንን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚያሳስተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። ቲኬት «ማክሰኞ 00:30» ሲል በኛ አነጋገር ሰኞ ሌሊት 6፡30 ነው። ለእኛ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ለቲኬቱ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ተለውጧል። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ ቦሌ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላው ነው። ቀኑም ቢሆን በሌላ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ስለሆነ ከኛው ቀን ጋር በሰባት፣ በስምንት ወይም በሌላ ቁጥር ይለያያል፤ በግምት መቀየር አይገባም።

ስለዚህ ለእናትዎ ወይም ለአባትዎ ቲኬት ገዝተው የሚልኩ ከሆነ፣ በስልክ የተላከውን ወረቀት ብቻ አምነው አይቀመጡ። ቤት የሚነሡበትን ቀንና ሰዓት በኛ አቆጣጠር፣ «ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ከቤት ውጡ» ብለው፣ በትልልቅ ፊደል ጽፈው ያስይዟቸው። መንገድ ላይ አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊቀዳ እንደሚያርፍም አስቀድመው ይንገሯቸው፤ አስተናጋጆቹ ካላሏቸው በቀር ከመቀመጫቸው እንዳይነሡ፣ ደርሰናል ብለውም ሻንጣቸውን እንዳያወርዱ።